ክሊኒካችን «ጓንት ይበቃል» ይላል፤ የጥርስ ሕክምና ረዳት የጉበት (ሄፓታይተስ ቢ) ክትባት ሳይወስድ መሥራት አለበት?

ረዳቷ_ከአዲስ_አበባ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በአንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ በረዳትነት ነው የምሠራው። ሳክሽን (የምራቅ መሳቢያ) እይዛለሁ፣ ለዶክተሩ ዕቃ አቀብላለሁ፣ ታካሚው ሲነሣ ወንበሩን እጠርጋለሁ፣ ያገለገለውን ዕቃ አጥቤ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ እከታለሁ።

ከትናንት ወዲያ አንዲት ባልደረባዬ ዕቃ ስታጥብ የስኬለር (የጥርስ መፋቂያ) ጫፍ ጣቷን ወጋት። ጓንቱን አልፎ ደም አውጥቷል። አልኮል አፈሰሰችበት፣ ፕላስተር ለጠፈችበት፣ ሥራዋን ቀጠለች። ዕቃው የየትኛው ታካሚ እንደሆነ እንኳን አናውቅም።

ባለቤቱን ስለ ሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጠየቅሁት። «ጓንትና ማስክ እናቀርባለን፣ ይበቃል። ክትባት የፈለገ በራሱ ይከተብ» አለኝ። ዶክተሮቹ ሁሉም ተከትበዋል። እኛን ረዳቶቹንና የጽዳት ሠራተኛዋን ግን ማንም ጠይቆን አያውቅም።

ባልደረባዬ አሁን ምን ታድርግ? ጓንትስ በእውነት ይበቃል? በራሴ ገንዘብ ልከተብ ብል ከየት ልጀምር? የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ።

ጥርስ_ሐኪም_ሐዋሳ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ የባልደረባሽን ነገር እንጨርስ። እሱ ጊዜ አይሰጥም።

ዛሬውኑ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ትሂድ። «በሥራ ላይ ስለታም ነገር ወጋኝ» ብላ ትናገር። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ እስካሁን አላለፋትም። ቶሎ በጀመረች ቁጥር ግን ይሻላል። የሄፓታይተስ ቢ የመጀመሪያ ክትባት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። 24 ሰዓት አለፈ ተብሎ ግን አይተውም፣ ዛሬም ይሰጣት። ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል፣ ተዘጋጅቶ ያለቀ የመከላከል አቅም በአንድ መርፌ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ። በመወጋት ጊዜ እስከ 7 ቀን ድረስ ይሰጣል። ችግሩ እኛ አገር በቀላሉ አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ደሟ ደግሞ ዛሬ ይመርመር። የዛሬው ውጤት ከሌለ ነገ አንድ ነገር ቢገኝ ከሥራ መጣ ወይስ ቀድሞ ነበር የሚለውን ማወቅ አይቻልም። ከዚያ በኋላ በቀጠሮ ይደገምላታል።

ለወደፊቱ ሁላችሁም ያዙልኝ። ስለታም ነገር ሲወጋ በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። መጭመቅ፣ አልኮል ወይም በረኪና ማፍሰስ አያስፈልግም፤ በረኪናማ ቁስሉን ይጎዳዋል። ዓይን ውስጥ ከተረጨ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ።

አሁን ወደ ጓንቱ። ጓንት ደምና ምራቅ ቆዳሽን እንዳይነካ ያደርጋል። መርፌ ግን አያቆምም። መርፌው ሲያልፍበት ላዩ ላይ ካለው ደም የተወሰነውን ይጠርግ ይሆናል፣ ከዚያ አይዘልም። ያልተከተበ ሰው ቫይረሱ በኃይል በሚባዛበት ሕመምተኛ መርፌ ከተወጋ፣ ከ100 አጋጣሚ ከ37 እስከ 62 በሚሆነው ይያዛል። ቫይረሱ ቀዝቀዝ ባለበት ሕመምተኛም ቢሆን ከ23 እስከ 37 ነው። የኤችአይቪው ከ1,000 አጋጣሚ 3 ገደማ ነው። ልዩነቱን እዩት። ሁላችንም ኤችአይቪን እንፈራለን፣ ከእሱ ብዙ እጥፍ በቀላሉ የሚተላለፈውን ግን «የጉበት ነገር» ብለን እናልፈዋለን።

ደግሞ ደርቆም አይሞትም። ወንበር እጀታ ላይ፣ የመብራቱ መያዣ ላይ፣ መሳቢያ ላይ የደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ዓይን ላያየው ይችላል።

ነባሩ_ቴራፒስት፦

እኔ ዴንታል ቴራፒስት ነኝ። ይሄን ሥራ ስጀምር ብዙዎቻችሁ አልተወለዳችሁም። ክትባት ወስጄ አላውቅም፣ አሞኝም አያውቅም። ዋናው ጥንቃቄ ነው። እጁ የረጋ ሰው አይወጋም። ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጥርስ ከመንቀላችን በፊት ታካሚው የጉበት ምርመራ ያምጣ። ያለበትን ካወቅን ለብቻው፣ በመጨረሻ ሰዓት፣ በሁለት ጓንት እንሠራለታለን። ልጆቹን ማስፈራራት ደግ አይደለም።

ሲስተር_ክትባት፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምጠይቅዎ። ተመርምረው ያውቃሉ?

እንዲህ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በጉልምስና ዕድሜ ሄፓታይተስ ቢ ከያዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም። ዓይን ቢጫ ሳይሆን፣ ሽንት ሳይጠቁር፣ «ድካም ነው» ተብሎ ያልፋል። ከ100 አዋቂ 95ቱ ገደማ ሰውነታቸው ራሱ ያጸዳዋል። የቀሩት ዕድሜ ልክ ይዘውት ይኖራሉ፣ ብዙ ጊዜም ሳያውቁት። አልታመምኩም ማለት አልተያዝኩም ማለት አይደለም። በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ደም ሲመረመር እ.ኤ.አ. በ1972 ከ100 ሐኪም 14ቱ ላይ ቫይረሱ አልፎባቸው እንደነበር የሚያሳይ ምልክት ተገኝቷል። ሁሉም የታመሙ እንዳይመስልዎ። ክትባቱ ከመጣ በኋላ በ1992 ወደ 9 ወርዷል።

ሁለተኛው ሐሳብዎ የበለጠ ያሳስበኛል። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ ያዩ ግምገማዎች ከ100 ሰው ከ6 እስከ 7 የሚሆነው ቫይረሱን ይዞ እንደሚኖር ያሳያሉ። በቀን 15 ሰው የሚያስተናግድ ወንበር ላይ በአማካይ በየቀኑ አንድ ሰው ይቀመጣል ማለት ነው። አብዛኛው አያውቀውም። ምርመራ አምጣ ቢሉትም፣ ገና በቅርብ የተያዘ ሰው ውጤቱ «የለበትም» ሊል ይችላል። የዚያን ቀን እጅዎ ዘና ይላል። አለበት የተባለው ደግሞ «በመጨረሻ ሰዓት ና» ሲሉት ሁለተኛ ለማንም አይናገርም። ሌላ ክሊኒክ ሄዶ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ሁሉም ሰው አለበት ብሎ መሥራት ነው የሚያዋጣው። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ጓንት፣ አንድ ዓይነት መነጽር፣ አንድ ዓይነት አውቶክሌቭ።

ነባሩ_ቴራፒስት፦

ተመርምሬ አላውቅም። ያልሽውን አስብበታለሁ ሲስተር። የታካሚውን ምርመራ በተመለከተ ግን አሁንም አልተስማማሁም። ማወቅ አይጎዳም።

ጥርስ_ሐኪም_ሐዋሳ፦

ጋሼ፣ ማወቅ ለታካሚው ይጠቅማል፤ ሕክምና ያገኝበታል። የእኛ ጥበቃ በእሱ ላይ እንዳይመሠረት ነው ሲስተር የምትለው።

ስለ እጅ መርጋትም አንድ ነገር ልጨምር። መወጋት የሚበዛው ጥርስ ሲነቀል ብቻ አይደለም። ከሥራው በኋላም ነው። የማደንዘዣውን መርፌ ክዳን በሁለት እጅ ስንመልስ። ቡሩ (የመቦርቦሪያው ጫፍ) ሃንድፒሱ (መቦርቦሪያው) ላይ ተሰክቶ ትሪው ላይ ተኝቶ ክንዳችንን ሲጭር። ዕቃ በጎዝ (በደም መጥረጊያ ጨርቅ) ውስጥ ተደብቆ ሲቀር። የእኛ ሥራ ከሌላው ሕክምና የሚለየው አንድ ካርፑል (የማደንዘዣ ብልቃጥ) አልቆ ሌላ ስንጨምር ያው መርፌ ተመልሶ አፍ ውስጥ መግባቱ ነው። ስለዚህ «ክዳን አትመልሱ» ብቻ ማለት አይሠራም። ክዳኑን ትሪው ላይ አስተኝቶ በአንድ እጅ መርፌውን ወደ ውስጥ መስደድና ከዚያ ማቆም ነው። ሌላው እጅ ኪስ ውስጥ ይግባ። ካለቀ በኋላ ወንበሩ አጠገብ ወዳለው ሴፍቲ ቦክስ (የስለታም ነገር መጣያ ሣጥን)። ሴፍቲ ቦክሱ ኮሪደር ላይ ከሆነ ግን መርፌ ይዞ የሚዞር ሰው አለ ማለት ነው።

ላብ_ሰው፦

የዴንታል ላብራቶሪ ቴክኒሽያን ነኝ። እኛን ማንም አይቆጥረንም። ታካሚ አናይም፣ መርፌ አንነካም ይባላል። ግን ጥርስ የተነቀለለት ሰው ኢምፕሬሽን (የአፍ ልክ የተወሰደበት ቅርጽ) ደም እንደነካ በፌስታል ይመጣልናል። አሮጌ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለጥገና ከአፍ ወጥቶ በቀጥታ ጠረጴዛችን ላይ ይቀመጣል። ስንሞርደው አቧራው ፊታችን ላይ ነው።

ክሊኒኮች፣ እባካችሁ ኢምፕሬሽን ከመላካችሁ በፊት በውኃ እጠቡትና ፀረ ተዋስያን አድርጉበት። ተደርጎበታል ብላችሁም ላዩ ላይ ጻፉልን። ካልጻፋችሁ እኛም እንደገና እንደግመዋለን፣ ልኩም ይበላሻል፣ ታካሚውም ተመልሶ ይመጣባችኋል።

ቨርጂኒያ_ነኝ፦

ከዚህ ከአሜሪካ ነው። እኔም ዴንታል አሲስታንት ነኝ። ሥራ ስጀምር ገና በመጀመሪያው ሳምንት የክትባት ወረቀት ነው የቀረበልኝ።

እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሕጉ ግልጽ ነው። ደም የሚነካ ሥራ ላይ የተመደበ ሠራተኛ ሁሉ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በነጻ ሊቀርብለት ይገባል። ከፋዩ አሠሪው ነው። ሠራተኛው አልፈልግም ካለ «ቀርቦልኝ አልተቀበልኩም» ብሎ ይፈርማል። ሐሳቡን ከቀየረ ያኔም በነጻ ይሰጠዋል። ሐኪም፣ ረዳት፣ ጽዳት ብሎ አይለይም፤ መለኪያው ደም መንካትሽ ነው።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በሥራቸው ምክንያት በዓመት የሚያዙት የአሜሪካ የጤና ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1983 ከ10,000 በላይ እንደነበሩ ይገመታል። በ2001 ከ400 በታች ወርደዋል።

ይሄ ማለት ግን እዚህ አደጋ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ በጊዜያዊ ቦታ በተዘጋጀ ነጻ የጥርስ ሕክምና ላይ ሄፓታይተስ ቢ ተላልፏል። 3 ታካሚዎችና 2 በጎ ፈቃደኞች ተይዘዋል። ከዚህ ተሰብስበን አገር ቤት ለነጻ ሕክምና የምንሄድ ብዙ ነን። እባካችሁ ሻንጣ ስንሞላ የጥርስ ብሩሽ ብቻ አንያዝ። አብረውን የሚሠሩት የአካባቢው ልጆች መከተባቸውንም እንጠይቅ። ዕቃ የሚያጥቡልን፣ ወረፋ የሚያስይዙልን እነሱ ናቸው።

ስም_አልጠቅስም፦

ይህን ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ። ዴንታል ነርስ ነኝ። ቫይረሱ አለብኝ።

ያወቅሁት ወደ አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ለሥራ ልሄድ ስል ነው። ኮንትራቴ አልቆ፣ ከቤተሰቤ ጋር ተሰነባብቼ፣ የጤና ምርመራው ላይ «ብቁ አይደለችም» ተባለ። ለምን እንደሆነ በቅጡ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በወረቀት ላይ አነበብኩት። የሥራ ቦታ ይሁን፣ ስወለድ ከእናቴ ይሁን አላውቅም። ከሥራ በፊት የመረመረኝ ስለሌለ ማወቅም አይቻልም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላሳጥረው። ቤተሰቤ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ሥር ጨምቀው አጠጡኝ። ጉበቴ ላይ ሌላ ሸክም ነበር፤ ሐኪሜ ወዲያው አስቆመኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ብርጭቆዬን ለዩት። ይሄ በጣም አመመኝ። በመብል፣ በመጠጫ፣ በመጨባበጥ፣ በመሳሳም አይተላለፍም። እንጀራ አብሮ መብላት ማንንም አይጎዳም። የጤና ሠራተኞች ይህንን ሳያውቁ ሲቀሩ ሌላው ሰው ከየት ያውቃል?

አሁን በክትትል ላይ ነኝ። በየጊዜው የጉበት ምርመራና የቫይረስ መጠን ይታይልኛል። ቴኖፎቪር የሚባለውን ኪኒን በቀን አንድ እወስዳለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሕክምናውን ሲሰጥ ቆይቷል። ባለቤቴ ተመርምሮ ተከትቧል፣ ልጆቼም እንዲሁ። ሥራዬን እየሠራሁ ነው።

እዚህ የምታነቡ ተማሪዎች፣ ተመርመሩ። ፈርታችሁ አትተዉት። ውጤቱ ምንም ቢሆን ዛሬ ማወቅ በኤርፖርት ዋዜማ ከማወቅ ይሻላል።

ረዳቷ_ከአዲስ_አበባ፦

ስም_አልጠቅስም፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት።

ባልደረባዬ ትናንት ማታ ሄዳለች። የኤችአይቪ መድኃኒቱን ጀምራለች፣ የመጀመሪያውን የጉበት ክትባት ተከትባለች፣ ደሟም ተወስዷል። ኢሚዩኖግሎቡሊኑን አላገኘንም። ስሟን ያልጠቀስኩላት እሷም «አመስግኚልኝ» ብላለች።

ጥርስ_ሐኪም_ሐዋሳ፦

ደግ አድርጋለች። ሁለተኛና ሦስተኛ ዙሩን እንዳትረሳ ብቻ አጥብቀሽ ያዣት።

ስም_አልጠቅስም ለጻፈችው አንድ ነገር ልጨምር። ቫይረሱ ያለበት የጤና ሠራተኛ ከሥራ ይባረር የሚል የሕክምና መመሪያ አላውቅም። በአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ምክር በግልጽ ይላል፦ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው የጥርስ ሕክምና እንዳይማርም እንዳይሠራም አይከለከልም። በከባድ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ላይ ያለ ብቻ የቫይረሱ መጠን በሚሊ ሊትር ከ1,000 ኢንተርናሽናል ዩኒት በታች እንዲሆን ይጠበቃል። እሱም በኪኒን የሚደረስበት ነው።

ጥንቃቄው ግን የሁለቱም ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በአሜሪካ ኢንዲያና ገጠር ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም ቫይረሱ እንዳለበት ሳያውቅ፣ ያለ ጓንት እየሠራ 9 ታካሚዎች ተያዙ። 2ቱ ሞቱ። ያን ጊዜ በባዶ እጅ መሥራት የተለመደ ነበር። ክሊኒክ ያላችሁ ሰዎች ይህን አስቡት። ሠራተኛን ማስከተብ ታካሚንም መጠበቅ ነው።

ሲስተር_ክትባት፦

እህቴ ከየት ልጀምር ብለሽ ነበርና ወደዚያ ልመለስ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ተመርመሪ። በእኛ አገር ከክትባት በፊት መመርመር ተገቢ ነው። ቫይረሱ ካለብሽ ክትባቱ አይጎዳሽም፣ ግን አይጠቅምሽም፤ የሚያስፈልግሽ ክትትል ነው። ከሌለብሽ ሦስት መርፌ ትወስጃለሽ፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር። ሁለተኛውን ወስዶ ሦስተኛውን የሚረሳ ብዙ ነው። ከረሳሽ ደግሞ ከአንድ አትጀምሪም። ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ዓመት ቢያልፍም ያው ነው። እርጉዝ መሆንም አያግድም።

ሁለት ነገር ላይ ዓይንሽን ክፈቺ። አንደኛው ቅዝቃዜው ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ይጎዳዋል፣ በረዶ ደግሞ ጨርሶ ይገድለዋል። ከመድኃኒት ቤት ገዝተሽ በረዶ ላይ በቀጥታ አስቀምጠሽ ይዘሽ ከሄድሽ ውኃ እንደተወጋሽ ቁጠሪው። የሚሻለው እዚያው ፍሪጅ ያለበት ቦታ መከተብ ነው። ሁለተኛው ቦታው ነው። ክንድ ላይ፣ ትከሻ ጡንቻ ላይ ይሰጥ። እኛ አገር መርፌ ሲባል መቀመጫ ይቀድመናል። መቀመጫ ላይ ሲሰጥ ስቡ ውስጥ ይቀርና የመከላከል አቅሙ ደካማ ይሆናል።

አሁን ማንም የማያደርገው ነገር ላይ ደረስን። ሦስተኛውን ከወሰድሽ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ የአንቲቦዲ ምርመራ አድርጊ። አንቲ ኤችቢኤስ ይባላል። በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒትና ከዚያ በላይ ከሆነ ተጠብቀሻል። ጤነኛ ከሆኑና 40 ዓመት ካልሞላቸው ሰዎች ከ100 ከ90 በላዩ እዚያ ይደርሳል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ስኳር ሲኖር፣ ሲጋራ ሲጨመር ይቀንሳል። ከ10 በታች ከሆነ ሦስቱን ትደግሚና እንደገና ትመረመሪያለሽ። ያኔም እምቢ ካለ ምክንያቱ ይፈለጋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲወጋ ኢሚዩኖግሎቡሊን ስለሚያስፈልገው ይህን ማወቁ ሕይወቱ ነው።

ውጤትሽ ከ10 በላይ መሆኑ አንዴ በወረቀት ከተረጋገጠ፣ ነገ ብትወጊ ለሄፓታይተስ ቢ ምንም መድኃኒት አያስፈልግሽም። ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ ቢወርድም ሰውነትሽ ያስታውሳል። ስለዚህ ወረቀቱን አስቀምጪ። የትምህርት ማስረጃሽ ጋር አስቀምጪው።

ነባሩ_ቴራፒስት፦

ሲስተር፣ ነገ ልመረመር ነው። እኔም፣ አብረውኝ የሚሠሩት ሁለቱ ልጆችም። አንድ ጥያቄ፦ ልጆቹ ወጣት ናቸው፣ በልጅነታቸው ተከትበው አይሆንም?

ሲስተር_ክትባት፦

ጋሼ፣ ደስ አሰኙኝ።

የሄፓታይተስ ቢ መከላከያን የያዘ የሕፃናት ክትባት አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አምስት በአንድ የሚባለው ማለት ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ በልጅነቱ አላገኘውም። ዛሬ ወንበር አጠገብ የቆሙት ሁሉም ማለት ይቻላል ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። እነዚህ ልጆች ደግሞ በሕፃንነታቸው እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት በሰፊው የነበረበት ትውልድ ናቸው። አንድ ምላጭ በብዙ ልጅ ላይ ሲያልፍ ነበር። ሕፃን ሆኖ የተያዘ ሰው ከ10 ዘጠኙ ዕድሜ ልክ ይዞት ይቀራል። ስለዚህ «ወጣት ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ይመርመሩ።

የጽዳት_ልጅ፦

እናቴ በጥርስ ክሊኒክ ጽዳት ትሠራለች። ቆሻሻ ከረጢት ስታነሣ መርፌ እግሯን ወግቷት ያውቃል። ለማንም አልተናገረችም። «ከተናገርኩ ጥንቃቄ የላትም ብለው ያባርሩኛል» ትላለች። ይሄን ውይይት ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ጓንት ይሰጧታል፣ ግን ያው ስሱ የምርመራ ጓንት ነው። እሷም መከተብ ትችላለች? ሐኪም አይደለችም ብለው ይመልሷት ይሆን ብላ ትፈራለች።

ጥርስ_ሐኪም_ሐዋሳ፦

ትችላለች ብቻ አይደለም፣ ከእኔ ትቀድማለች። እኔ መርፌው የት እንዳለ አያለሁ። እሷ አታይም። እኔ የጣልኩት መርፌ ነው የሚወጋት።

እናትሽ ትመርመርና ካልተያዘች ትጀምር። ዕቃ ለማጠብና ቆሻሻ ለማንሣት ወፍራሙን የጽዳት ጓንትና የተሸፈነ ጫማ ይሰጣት፤ ስሱ ጓንት ለዚያ ሥራ አልተሠራም። መርፌ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ የተገኘ ዕለት ጥፋተኛው የጣለው ሰው ነው። እሷ ልትሸማቀቅ አይገባም።

የክሊኒክ ባለቤቶች፣ «ተወጋሁ» ያለን ሰው አትቆጡ። አንዴ ከተቆጣችሁ ሁለተኛ የሚነግራችሁ የለም። የሚድንበት ሰዓትም በዝምታ ያልፋል።

የዕቃ_ጥገና፦

የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ነኝ። ብዙ የጥርስ ክሊኒክ እገባለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሃንድፒስ በአልኮል ጥጥ ተጠርጎ ለሚቀጥለው ታካሚ ይሰካል። ይሄ ትክክል አይደለም። ሃንድፒስ ሲቆም ከአፍ ውስጥ ያለውን ወደ ራሱ ይስባል። ውስጡ ደምና ምራቅ አለ። አልኮል ላዩን ብቻ ነው የሚነካው። ተጠርጎ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ታሽጎ አውቶክሌቭ መግባት አለበት። አንድ ሃንድፒስ ብቻ ያለው ክሊኒክ ይህን ማድረግ አይችልም። ወንበር ከመጨመር ሃንድፒስ መጨመር ይቅደም።

በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍም ማምከን አይደለም። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጦ 0.5 በመቶ ማድረግ ለተበከለ ወለልና ጠረጴዛ ጥሩ ነው። ዕቃ ግን በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታሽጎ አውቶክሌቭ ይገባል። ደም የደረቀበት ዕቃ በእንፋሎትም አይመክንም።

ከሁሉም በላይ መብራት። 121 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ መቆየት ያለበት ዕቃ 20ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ከጠፋ፣ ሲመለስ ቀሪዋን 10 ደቂቃ አይደለም የምትጨምሩት። ከዜሮ ነው። የሚቀያየረው የምልክት ቴፕ ቀለም ስለቀየረ ብቻ አትመኑት። እሱ ሙቀት ነክቶታል ነው የሚላችሁ፣ መክኗል አይላችሁም።

ረዳቷ_ከአዲስ_አበባ፦

ዛሬ ይህን ውይይት አትሜ ለባለቤቱ ሰጠሁት። ተቀምጦ አነበበው። ተቆጣ ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። ለሁላችንም የምርመራውንና የሦስቱንም ክትባት እንደሚከፍል ተናግሯል። የጽዳት ሠራተኛዋን መጀመሪያ ላኩ ያለው ራሱ ነው። ወፍራም ጓንት ዛሬውኑ አስገዝቷል። ሁለተኛ ሃንድፒስ ግን «እናያለን» ብሏል። አልተወውም፣ እጠይቀዋለሁ።

የመወጋት መዝገብ ደብተርም ከፍተናል። ቀን፣ ሰዓት፣ ዕቃው ምን እንደነበር፣ ምን እንደተደረገ ይጻፋል። የባልደረባዬ ስም የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ራሷ ናት የጻፈችው።

ዱባይ_ተጓዥ፦

ይቅርታ፣ ውይይቱን ካገኘሁት አይቀር። እኔም ዴንታል አሲስታንት ነኝ፣ ለጉዞ የጤና ምርመራ በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ አለኝ። ተመርምሬ ነጻ ከሆንኩ በኋላ የመጀመሪያውን ክትባት የወሰድኩት ከትናንት በስቲያ ነው። የስም_አልጠቅስምን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ፈራሁ። ችግር አለው?

ሲስተር_ክትባት፦

ጥሩ ጠየቅሽ። ክትባቱ የተሠራው የቫይረሱ ሽፋን ላይ ካለው ፕሮቲን ነው። የሚመረመረውም ያው ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ከተከተብሽ በኋላ እስከ 18 ቀን ድረስ ደምሽ ውስጥ ሊታይና «አለባት» ሊያስብል ይችላል። ሕመም አይደለም፣ ያልፋል። መመርመሪያ ጣቢያው ግን ይህን አያውቅልሽም።

ቀጠሮውን ቢያንስ አንድ ወር አስተላልፊው። ሁለተኛውን መርፌ ከመውሰድሽ በፊት ባለው ቀን ተመርመሪ፣ ከዚያ ውሰጂው። የበፊቱን ነጻ የተባልሽበትን ውጤትና የክትባት ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ። ማስተላለፍ ጨርሶ ካልተቻለ ደግሞ ከመመርመርሽ በፊት ለሐኪሙ የተከተብሽበትን ቀን ንገሪው፣ ወረቀቱ ላይም እንዲጻፍልሽ ጠይቂ።